ሁለቱን ያየች ሞግዚት

ተኚ ኒኮስትራቴ፣ ማሾው ዘይት ጨርሷል፣
የወንዶቹ ክርክር ግድግዳ አልፎ ደርሷል።
አባትሽ ወይን ጠጁን በውሃ አቅጥኖ፣
«አቴና ወይስ ስፓርታ?» ይላል ድምፁ ገኖ።
ቅድም እንስራ ይዤ በደጁ ሳልፍ ጠራኝ፣
«ዳማጎራ፣ ሁለቱን አይተሻል፤ ፍረጂ» አለኝ።
እንግዶቹ ሳቁ።
እኔም ወይኑን ቀዳሁ፣ ዝም ብዬ ወጣሁ፤
ለሚስቅ ሸንጎ ፍርድ ከየት አመጣለሁ?
ላንቺ ግን ልንገርሽ፣ እንቅልፍሽ እስኪመጣ፣
ያ የሚነቃነቀው ጥርስሽም እስኪወጣ።

እዚያ በኤውሮታስ ዳር ወንድ ልጅ ሰባት ሲሞላው፣
ከእናቱ ጉያ ነጥቆ መንግሥት ነው የሚያሳድገው።
ደንገል በእጁ ይሰብራል፣ ቢላ መንካት ተከልክሎ፣
ያንኑ አንጥፎ ያድራል፣ ከራብ ጋራ ተማምሎ።
ሴቶቹ ግን፣ ልጄ፣ ሜዳ ላይ ይሮጣሉ፣
ርስት በስማቸው አለ፣ ባል ፊት ይናገራሉ።
እዚያ ብትወለጂ ጉልበትሽ ነበር የሚላጠው፤
እዚህ ግን ጣትሽ ነው፣ ድርና ማግ የሚልጠው።

ሁለት ንጉሥ አላቸው፣ አንዱ አንዱን ይጠብቃል፣
አምስት ሹም ሁለቱን፤ ማን ማንን እንደሚያምን ማን ያውቃል?
ሽማግሌ ሲመርጡ
ዳኞች ምንም በማያሳይ ዝግ ቤት ይቀመጡ፣
ዕጩ በተራ ሲያልፍ ሕዝቡ ይጮኽለታል፣
ጩኸት የበረታለት ዕድሜ ልኩን ይሾማል።
ወንድሜ ምናሶን ገብስ እያጨደ ቀለደ፦
«አህያችን ብትጮኽ ኖሮ ስንቱ ከሹመት በወረደ!»

እኛ ሄሎቶች ነበርን፤ አዝመራው በጃችን፣ ጎተራው የነሱ፤
በየዓመቱ አዲስ ሹሞች ሲነሡ
ጦርነት ያውጁብናል፣ ማጭድ ይዘን ሳለን፣
ደም እንዳይሆንበት ሌሊት የገደለን።

አንድ ዓመት አዋጅ ወጣ፦ «በዘመቻ የጀገነ
ሄሎት ይምጣና ይናገር፤ ነፃነቱ ተወሰነ።»
ምናሶን ሄደ። አበባ ደፉለት፣
ከቤተ መቅደስ ቤተ መቅደስ ሲዞር አየሁት፣
እንደ ሙሽራ አፍሮ።
ሁለት ሺህ ያህል ነበሩ።
በዚያ ማታ ራት አቀረብሁ። በማግስቱም አቀረብሁ።
በሦስተኛው ቀን ገንፎውን ለውሻ ሰጠሁ።
የት እንደጣሉት እስከዛሬ አንድ ሰው አልነገረኝም፤
ስፓርታ ስትሾም ትጮኻለች፤ ስትገድል ድምፅ የላትም።

ሸሽቼ ፒሎስ ገባሁ። የናንተ ወታደሮች «ነፃ ነሽ» አሉኝ፣
ቂጣና ወይራ ሰጡኝ፤
ወሩ ሳይሞላ ፒሬዎስ ወደብ ለገበያ አወጡኝ።
አባትሽ ጥርሴን ቆጠረ፣
«ሦስቱ የሉም» ብሎ በዋጋ ተከራከረ።

ግን አቴናንም አልዋሻትም፤ ያሳቀችኝ ቀን አለ፤
ቀይ የተነከረ ገመድ በገበያው መሐል ተንጣለለ፣
እስኩቴስ ባሮች ሁለቱን ጫፍ ይዘው
ወሬ የያዘውን ዜጋ ወደ ጉባኤው ነዱት፣ እንደ በግ ከበው።
ልብሱ የቀላ ይቀጣልና ጌታ ሁሉ ይሮጣል፤
ባሪያ ጌታውን ወደ ነፃነቱ ሲነዳ የት አገር ታይቶ ያውቃል?
ጫማ ሰፊው ሜኒፖስም፣ ሙጫ በጥፍሩ እንዳለ፣
ዕጣ ወጥቶለት ዳኛ ሆኖ ሦስት ኦቦሉን ተቀበለ፤
ባለጸጋ ፊቱ ቆሞ፣ ልጆቹን ይዞ ሲያለቅስ
ሰማው ዝም ብሎ፣ ጠጠሩን በመዳፉ ሲዳስስ።
ምናሶን ይህን ቢያይ፣ አልሁ።

ታዲያ ያ ኦቦል ብር ነው፤ ብሩ ከሎሪዮን ጉድጓድ ይወጣል፣
በደረቱ የሚሳብ፣ ከኔ በርካሽ የተገዛ ልጅ ያወጣዋል።
እናትሽም የሸንጎውን ኮረብታ ከሩቅ ነው የምታየው፤
ስሟን በሰው ፊት ማንሣት ነውር ነው፤ «የእገሌ ሚስት» ነው የምትባለው።
እዚያ መሬቱ በዕጣ፣ እዚህ ሹመቱ በዕጣ፤
የኔና ያንቺ ስም ከየትኛው ሳጥን ይምጣ?

ስሚ፣ ጠረጴዛ መቱ። «ነፃነት» ሲሉ ሰማሁ።
ቃሉን በሁለቱም ከተማ አነጋገር አውቀዋለሁ፤
እንደ ጥብሳቸው ነው፤ ሽታውን እጠግባለሁ።

ነገ አባትሽ ስካሩ በርዶ ደግሞ «ፍረጂ» ቢለኝ፣
«መጀመሪያ» እለዋለሁ፣ «ጌታዬ፣ ጠጠር ስጠኝ።»

አፍሽን ክፈቺ። ይኸው፣ ወለቀ፤ ብዙም አልደማም።
ነጭ ነው፤ ጠጠር ያህላል።
አትጣዪው። በጨርቅ ቋጥሬ አኖረዋለሁ።